መድኃኒት ድንበር ሲሻገር መመሪያውም አብሮት ይሻገር

ናጋድ በጅቡቲ ከተማ ዳርቻ የሚገኝ የባቡር ጣቢያ ነው። ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ አልፎ ደወሌ ላይ ድንበር የሚያቋርጠው፣ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የምድር ባቡር መስመር የመንገደኞች መዳረሻ እዚህ ነው። መስመሩ በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 25 ቀን፣ በጅቡቲ በኩል ደግሞ ጥር 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል።

በዚህ መስመር ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛውና ዘመድ ጠያቂው ይመላለሳሉ። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዶ የሚመለስም አለ። ከብዙዎቹ ሻንጣ የመድኃኒት ብልቃጥ ወይም በወረቀት የተጠቀለለ እንክብል አይታጣም። መድኃኒቱ ድንበሩን በደኅና ይሻገራል፤ እንዴት እንደሚወሰድ የሚያስረዳው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ከድንበሩ ወዲያ ይቀራል። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማንኛውም ነርስ በትምህርት ቤት በመጀመሪያ የሚማራቸው አምስት ትክክሎች አሉ፤ እነርሱም ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው የአሰጣጥ መንገድና ትክክለኛው ሰዓት ናቸው። በሆስፒታል ውስጥ የእነዚህ ጠባቂ ነርሷ ናት። የዕቃውን ጽሑፍ ከመደርደሪያው ስታነሣ፣ መድኃኒቱን ስትቀዳና ዕቃውን ስትመልስ ሦስት ጊዜ ታነባለች። ሕመምተኛው ከሆስፒታሉ በር ከወጣ በኋላ ግን የአምስቱም ጠባቂ ራሱ ይሆናል። ስለዚህ ያንኑ ትምህርት በሚገባው ቋንቋ መቀበል ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ሰዓትን እንመልከት። ኢትዮጵያና ጅቡቲ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ ፀሐይ እኩል ትወጣላቸዋለች። አቆጣጠራቸው ግን በ6 ሰዓት ይለያያል። በጅቡቲ መድኃኒት ቤት ማሸጊያው ላይ 8፣ 14 እና 20 ተብሎ ቢጻፍ፣ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 2፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ይህ ያልተነገረው ሰው 8 የሚለውን ሲያነብ የጠዋቱን መድኃኒት ከቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ያቆየዋል። 20 የሚለውም ትርጉም አይሰጠውም። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነና ከቁርስ በፊት የሚወጋውን ኢንሱሊን ምግብ በማይቀምስበት ሰዓት ከወሰደው፣ በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ከዚህ የሚያድነው ዘዴ ቀላል ነው፤ ከቁጥሩ አጠገብ «ከቁርስ በፊት»፣ «ከምሳ በኋላ»፣ «ሲተኙ» ብሎ መጻፍ ነው። ቁርስና ምሳ በሁለቱም አገር አንድ ናቸው።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 06/2026 የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው በእኛ አቆጣጠር ካነበበው የካቲት 2026 ዓ.ም. ይመስለዋል። በእውነቱ ግን መድኃኒቱ የሚያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የ7 ዓመት ከ8 ወር ልዩነት አለ። በዚህ ሂሳብ ያለፈበት መድኃኒት እንደ አዲስ ተቆጥሮ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ስለሆነም ማብቂያውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ በዕቃው ላይ መጻፍ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ስም ነው። አንዱ መድኃኒት በየፋብሪካው የተለያየ የንግድ ስም ይሰጠዋል። በአገራችን ፓራሲታሞል ተብሎ የሚሸጠው፣ የፈረንሳይ መድኃኒት በሚገባባቸው አገሮች ዶሊፕራን በሚል ስም ይገኛል። ራሱን ያመመው ሰው ከአገሩ ያመጣውን ፓራሲታሞል ውጦ፣ አልሻለው ሲል ዶሊፕራን ቢጨምርበት ሁለት መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል፤ የወሰደው ግን አንዱን መድኃኒት በድርብ ነው። ጤናማ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም በላይ መውሰድ የለበትም፤ ይህም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ፣ ባለ 1000 ሚሊ ግራሙ 4 ፍሬ ብቻ ነው። ከዚህ ያለፈው መጠን ጉበትን ይጎዳል። አደገኛነቱም በመጀመሪያው ቀን ሕመሙ ላይሰማ መቻሉ ነው። በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ስለሚገኝ፣ ከንግዱ ስም በታች በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ዋናውን ስም ማንበብ ወይም ማስነበብ ያስፈልጋል።

የልጆች ሽሮፕም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ሲይዝ የሾርባ ማንኪያ 15 ይይዛል። «አንድ ማንኪያ ስጪው» የተባለች እናት የትኛው ማንኪያ እንደሆነ ካልተነገራት፣ ለሕፃኑ ሦስት እጥፍ ልትሰጠው ትችላለች። ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ መጠቀም ይበጃል።

አራተኛው ጉዳይ መጨረስ ነው። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወሮች አራት ዓይነት፣ በተከታዮቹ 4 ወሮች ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለውጣል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ሕመምተኛ ደም መስሎት ይደነግጥና መድኃኒቱን ይጥላል። ሌላው ሳሉ ስለተወውና ጉልበቱ ስለተመለሰ ብቻ የዳነ መስሎት ለሥራ ድንበር ይሻገራል። የተቋረጠ ሕክምና ግን በሽታውን ያስለምደዋል፤ የተላመደው በሽታ ደግሞ ወደ ቤተሰብና ወደ ባልደረባ ይተላለፋል። ስለዚህ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት ለሚከታተለው ጤና ጣቢያ አስታውቆ፣ የማስተላለፊያ ወረቀቱንና ለመንገዱ የሚበቃውን መድኃኒት መያዝ አለበት።

አምስተኛው ሙቀት ነው። በጅቡቲ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ በብዙ መድኃኒቶች ላይ የሚጻፈው ግን ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚል ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ ሲገባው፣ በረዶ እንዲሆንም አይፈቀድለትም። በጉዞ ላይ መድኃኒትን በመስኮት አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው ሻንጣ ውስጥ ማስቀመጥ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። ፍሪጅ በሌለበት ስፍራ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለና በጥላ የተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ሙቀቱን ይቀንሳል። ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚበጠበጠው ኦ አር ኤስም በማሸጊያው በታዘዘው የንጹሕ ውሃ ልክ ተዘጋጅቶ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው መደፋት ይገባዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ጉዳት የማያደርስ የመድኃኒት አጠቃቀምን ለማስፋፋት ዓለም አቀፍ ጥሪ ባቀረበ ጊዜ፣ ቅድሚያ ከሰጣቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ ሕመምተኛ ከአንድ የሕክምና ስፍራ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ወቅት ነበር። የድንበር ጉዞም ከእነዚህ መተላለፊያዎች አንዱ ነው።

ታዲያ ትምህርቱ በሚገባ መድረሱ በምን ይታወቃል? በሠራዊት ቤት ትእዛዝ የተቀበለ ወታደር አቤት ብሎ ብቻ አይሄድም፤ የተቀበለውን በራሱ አንደበት መልሶ ይናገራል። አዛዡም ስሕተት ካገኘ እዚያው ያርማል። የነርስ ሥራም ይህንኑ ሥርዓት ይሻል። «ገባዎት?» ተብለው የተጠየቁ አዛውንት፣ ባይገባቸውም ለጨዋነት ሲሉ «አዎን ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይነሣሉ። «እናቴ፣ ቤት ሲደርሱ ይህን መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ይንገሩኝ» ብላ የምትጠይቅ ነርስ ግን ስሕተቱን ከመድረሱ በፊት ታገኘዋለች። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅባትም።

ሕመምተኛውም መጠየቅ መብቱም ግዴታውም ነው። የመድኃኒቱ ስም ማን ይባላል? ለምን ይጠቅማል? ስንት ፍሬ፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን? ምን ሲሰማኝ ወደ ሐኪም ልመለስ? ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት የማይስማማው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የባህል መድኃኒት የሚወስድም ይህን ሳይደብቅ ይናገር። መልሱንም በአማርኛ አስጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዘው። በናጋድ ከባቡር ሲወርድ ሐኪም ቢያስፈልገው፣ ያ ቁራጭ ወረቀት ምን ይወስድ እንደነበር ያስረዳለታል።