የሽኮኮ ዘመዱ ማን ነው?

ባለፈው የበጋ ዕረፍት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ከሚገኘው ከአጎቴ ማሳ በላይ፣ በቋጥኙ ላይ ሽኮኮዎች ፀሐይ ሲሞቁ እንመለከት ነበር። አጎቴም፤ «እነዚህ የአይጥ ታላላቅ ወንድሞች ባቄላዬን ጨረሱት። ዋሻቸው አፍ ላይ ጭድ አንድጄ በጢስ ባልፈጃቸው!» አሉ። እኔም የተማርሁትን ለማሳየት ቸኩዬ፤ «ጋሼ፣ የዝሆን ዘመዶች ናቸው እንጂ የአይጥ አይደሉም» ብላቸው ከት ብለው ሳቁና፤ «እንግዲያው ኩምቢውን አሳየኛ!» አሉኝ። ነገሩን በቃሌ ያዝሁት እንጂ ምክንያቱን ጠይቄ አላውቅም ነበርና አፈርሁ።

ውድ አንባቢያን፤ እንዲህ ያለው ስሕተት በሊቃውንትም ላይ ደርሷል። ፓላስ የተባለው ጀርመናዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1766 ለሽኮኮ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት ከጊኒ ፒግ ወገን ቈጥሮት ነበር። በኋላ ፈረንሳዊው ኩቪዬ አጥንቱን መርምሮ ከአይጥ ወገን አለመሆኑን ቢረዳም፣ እርሱ ደግሞ ወደ አውራሪስ አስጠጋው።

ኩምቢውንስ ተዉት፤ እግሩን እንመልከት። በሽኮኮ ጣቶች ጫፍ ያለው፣ ከኋላ እግሩ አንድ ጣት በቀር፣ ሹል ጥፍር ሳይሆን እንደ ዝሆን ጠፍጣፋ ጥፍር ነው። ከላይ የሚታዩት ሁለቱ ሹል ጥርሶች ክራንቻ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን የሚያድጉ የፊት ጥርሶች ናቸው። ወርቅ የሚያወጣው የዝሆን ጥርስም እንዲሁ የፊት ጥርስ ነው። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን እርግዝናው ነው። አይጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ስትወልድ፣ ጥንቸል የምታክለው ሽኮኮ ሰባት ወር ተኩል ያህል ትሸከማለች። ዝሆን 22 ወር ትቆያለች።

መልክ ግን ያታልላል። ስለዚህ ሊቃውንት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ዲ ኤን ኤ እያመሳከሩ በ1998 አንድ ታላቅ ወገን ለይተው «አፍሮቴሪያ» አሉት፤ የአፍሪካ አራዊት ማለት ነው። በዚህም ውስጥ ዝሆን፣ ሽኮኮ፣ በቀይ ባሕር የሚኖረው የባሕር ላም፣ ሌሊት ምስጥ ቈፍሮ የሚበላው አዋልዲጌሳ፣ እንዲሁም አንዳንድ ትንንሽ ነፍሳት በሎች ይገኛሉ። በአንድ ሠርግ ቢጠሩ ዘመዳማቾች ናቸው ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው?

እንዴት አንድ ዘር ሆኑ ቢሉ፣ አፍሪካ ከዐረብ ምድር ጋር ብዙ ሚሊዮን ዓመታት በባሕር ተከባ ደሴት ሆና ስለኖረች ነው። የዚያ ዘመን ምስክር በአገራችን አለ፤ ይኸውም ከጎንደር በስተ ምዕራብ ያለችው ጭልጋ ናት። በዚያ የ27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የዝሆን ዘመዶችና ትልልቅ ሽኮኮዎች አጥንት ተገኝቶ በ2003 ለዓለም ተገልጿል። ከዝሆን ዘመዶቹ አንዱ በስፍራው ስም ጭልጋቴሪየም ተብሏል። ያን ጊዜ የአንበሳና የሜዳ አህያ፣ የበሬም አባቶች ገና ከእስያ አልተሻገሩም ነበርና ቅጠሉንና ሣሩን የሚግጡት እነዚህ ነበሩ። ኋላ ምድሪቱ ከእስያ ስትጋጠም እነ በሬ መጡ፤ ብዙዎች እንደሚገምቱት ትልልቆቹ ሽኮኮዎች ግጦሹን ተነጥቀው ጠፉ፤ ቋጥኝና ዛፍ የተጠጉት ትንንሾቹ ቀሩ።

ለፋሲካ ስመለስ ይህን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኋቸው። ስለ ጭልጋ ብዙም አልገረማቸውም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ግን፤ «ሰባት ወር ተኩል ነው ያልኸኝ?» ብለው ጠየቁኝ። በማግስቱ ማሳውን በእሾህ ስናጥር ዋልን፤ ጭዱም ለበሬዎቹ ሆነ።