እንግዶቹ ሳይደርሱ የተሠራ ቤት

ጋይንት ቤተልሔምን ከውጭ ያየ ሰው እንደማንኛውም የአገራችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ይቆጥራታል። የድጓ ዜማ ትምህርት ማስመስከሪያ ናትና ለዚያ የመጣ ተማሪ እንኳ ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ምስጢሯን አያገኘውም፤ ክቡ ግድግዳ እንደ ልብስ ነው፣ ውስጡ ከእሱ የቀደመ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። አዲስ አበባ ሄጄ የአፍሪካ አዳራሽ ፊት ስቆም ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

አዳራሹ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነው። ንድፉ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ በወጣትነቱ አሥመራ ገብቶ ሙያውን እዚያ የጀመረ ጣሊያናዊ። ጉልላትም ጌጠኛ ዓምድም አላስፈለገውም፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ኮንክሪትና ሰፊ መስታወት በቃው። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዘዙ፣ በ18 ወር ተሠራ፣ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ።

ከደጅ ሲታይ ትልቁ መስታወት ደብዝዞ የጠቆረ ነው። በሩን አልፎ ዞር ያለ ሰው ግን ባለበት ይቆማል። ቀለሙ ያለው መስታወቱ ውስጥ ነውና ብርሃን ከጀርባው ካልመጣለት አይናገርም፤ ደመና ሲጋርድ ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይ ስትገልጥ ወለሉ ሳይቀር ቀይና ሰማያዊ ይሆናል። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ይህ ሥራ የአንኮበሩ ተወላጅ የአፈወርቅ ተክሌ ነው። በሦስት ከፍሎታል፦ ያለፈው የአፍሪካ ሐዘን፣ ትግሉ፣ የነገው ተስፋ። በተስፋው ክፍል ችቦ የያዘ ቤተሰብ ወደፊት ይራመዳል። ሲሠራው ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ጊዜው ነው። ሕንፃው ሲጀመር ከአፍሪካ አብዛኛው ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበር። ግንበኞቹ ሥራ ላይ ሳሉ፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ብቻ፣ 17 አገሮች ነፃ ወጡ። ድግስ ያለበት ሰው እንግዳው ሳይደርስ ዳስ ይጥላል፤ እዚህ ዳሱ ሲጣል ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ገና በራሳቸው ባንዲራ አልቆሙም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ግን መጡ፤ የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ መሠረቱ።

ከዓመታት በኋላ ቤቱ አረጀ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር መድቦ አጠናከረው፣ መስታወቱንም የቀድሞ የቤት ዕቃውንም አደሰ፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ወንበሮቹን ሳይ ደስ አለኝ፤ በአዲስ አልተተኩም፣ የጥንቶቹ ተጠግነው ነው የተመለሱት። ለቤተልሔምም እንዲህ ያለ ታጋሽ እጅ እመኝላታለሁ።