ለምኖ ያጣውን ሕክምና በግድ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1999 በኒውዮርክ ከተማ፣ በ23ኛው ጎዳና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ፣ የ32 ዓመቷ ኬንድራ ዌብዴል ባቡር እየጠበቀች ነበር። አይታው የማታውቅ ሰው ከኋላዋ መጥቶ ገፈተራት፤ ከሚመጣው ባቡር ፊት ወደቀች፤ ሕይወቷም እዚያው አለፈ። ገፍታሪው አንድሩ ጎልድስቲን የ29 ዓመት ሰው ሲሆን ስኪዞፍሬንያ የተባለው የአእምሮ ሕመም ነበረበት። መድኃኒቱንም አቋርጦ ነበር።

የሟቿ ቤተሰብ ሐዘኑን ይዞ የክፍለ ግዛቱን ሕግ አውጪዎች በር አንኳኳ። ከሰባት ወራት በኋላ ገዥው ጆርጅ ፓታኪ በስሟ የሚጠራውን ‹‹የኬንድራ ሕግ›› ፈረሙ። ሕጉ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ቤቱ እየኖረ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሕክምናውን እንዲከታተል ያስገድዳል። ክርክሩ ግን ከዚያ ወዲህም አልበረደም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ወላጅ፣ እህት ወይም ወንድም፣ አብሮ የሚኖር ሰው ወይም የሆስፒታል ኃላፊ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ያቀርባል። ሐኪም መርምሮ ይመሰክራል፤ ለታማሚው ጠበቃ ይቆምለታል። ዳኛው ትእዛዝ ለመስጠት ሰውየው ሕክምናውን በማቋረጡ የተነሳ ባለፉት 36 ወራት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል መግባቱን፣ ወይም ባለፉት 48 ወራት በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ከባድ የኃይል ድርጊት መፈጸሙን አለዚያም መዛቱን ማረጋገጥ አለበት።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ትእዛዙ ማንንም አስሮ መርፌ አያስወጋም። ታማሚው ‹‹ኪኒኑን አልውጥም›› ካለ ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ ሊያደርግ ይችላል፤ እዚያም ለምርመራ ከ72 ሰዓት በላይ አይያዝም። ሆስፒታል የሚያስተኛ ነገር ካልተገኘበት ወደ ቤቱ ይመለሳል። እምቢታው ብቻውን ፍርድ ቤት እንደ መድፈር አይቆጠርበትም። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2004 ሕጉን ሲያጸናም ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

ትእዛዙ ሌላም ወገን ያስገድዳል። በሕክምና ዕቅዱ ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተል ባለሙያ፣ ወይም ሐኪም፣ ነርስና ማኅበራዊ ሠራተኛ ያሉበት ቡድን የግድ መኖር አለበት። ቡድኑ ታማሚው ካለበት ድረስ ይሄዳል፤ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራዩን፣ ምግቡንና ቀጠሮውንም ያያል። ለዚህም ክፍለ ግዛቱ ለሕጉ ማስፈጸሚያ በዓመት 32 ሚሊዮን ዶላር፣ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ማስፋፊያ ደግሞ 125 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ገንዘቡ ከኬንድራ ሞት በፊት አልነበረም።

እዚህ ላይ ወደ ጎልድስቲን መዝገብ መመለስ ያስፈልጋል። በ1997 እና በ1998፣ በሁለት ዓመት ውስጥ 13 ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ በገዛ እግሩ ሄዶ ‹‹አስገቡኝ›› እያለ። ክትትል ያለበት መኖሪያ ሲፈለግለት ቦታ አልተገኘም። ኬንድራን ከመግፈተሩ ሦስት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ ከሆስፒታል ሲወጣ በእጁ የያዘው የአንድ ሳምንት መድኃኒትና የቀጠሮ ወረቀት ነበር። ሕጉ የተጻፈው ሕክምና እምቢ ለሚል ሰው ነው። ለሕጉ መውጣት ምክንያት የሆነው ሰው ግን ሕክምና ሲለምን የነበረ ሰው ነው።

ችግሩ ሥር አለው። በ1955 በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ወደ 560 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። አዳዲስ መድኃኒቶች መጡ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም በ1963 የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ማዕከላት እንዲስፋፉ የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ሆስፒታሎቹ ባዶ ሆኑ፤ የታሰቡት ማዕከላት ግን በበቂ ቁጥር አልተሠሩም። ከግቢው የወጣው ሰው ጎዳና ላይ፣ መጠለያ ውስጥና እስር ቤት ተገኘ።

ታዲያ ሥራውን የሚሠራው የዳኛው ትእዛዝ ነው ወይስ በር የሚያንኳኳው ባለሙያ? ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በኒውዮርኩ ቤልቪው ሆስፒታል በተካሄደ ሙከራ 142 ታማሚዎች ለሁለት ተከፍለው ሁሉም የተሻሻለ አገልግሎት አገኙ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የተጨመረው ለአንደኛው ቡድን ብቻ ነበር። በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። በእንግሊዝ 336 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2013 የታተመው ጥናትም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሆስፒታል የተመለሱት በሁለቱም ወገን 36 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። የጥናቱ መሪ ቶም በርንስ ቀድሞ አስገዳጅ ሕክምናን ይደግፉ ነበር፤ ውጤቱን ሲያዩ ሐሳባቸውን ለወጡ። በሌላ በኩል የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት የ2009 ግምገማ፣ በኒውዮርክ ትእዛዝ ሥር ያሉ ሰዎች ሆስፒታል የሚገቡበት ጊዜ መቀነሱን አገኘ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ያገኙት ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን ተጨማሪውን አገልግሎትም ጭምር ነው።

የፍትሕ ጥያቄም አለ። በ2005 የወጣ የሕግ ተሟጋቾች ሪፖርት እንዳለው፣ በኒውዮርክ ጥቁሮች በዚህ ሕግ የመታዘዛቸው ዕድል ከነጮች አምስት እጥፍ ገደማ ነበር። ደጋፊዎቹ ይህ የመጣው ከዘር አድልዎ ሳይሆን በመንግሥት ሕክምና ውስጥ የሚበዙት ድሆች ጥቁሮች በመሆናቸው ነው ይላሉ። ትእዛዙ ቤቱ ለሚደርሰው ሰው ግን ልዩነቱ ብዙም አይታየውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ዳኛ ፊት አይደርስም፤ ግዴታው የሚወድቀው በቤተሰብ ላይ ነው። ሕክምና ሲርቅ ጸበል፣ ጸበልም ሲያቅት ገመድና ሰንሰለት ይከተላል። ሆኖም በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ የተካሄደና በ2022 የታተመ ሙከራ ሌላ መንገድ አሳይቷል። የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ሲደግፉ፣ ጤና ጣቢያ ብቻ ከታከሙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ተሻላቸው። ፍርድ ቤት አልነበረበትም።

የኬንድራ ሕግ በየጊዜው እየታደሰ እዚህ ደርሷል፤ በ2022 ሲታደስም እስከ 2027 እንዲጸና ተወስኗል። ዳግም የሚያድሱት ሕግ አውጪዎች ስንት ሰው እንደታዘዘ መቁጠራቸው አይቀርም። በገዛ እጃቸው የሆስፒታሉን በር አንኳኩተው የተመለሱትንም አብረው ይቁጠሩ።