ቀንድ ላይ ‘ዲሌት’ የለም

ስልክ ላይ ፊደል ስንስት በአውራ ጣት አጥፍተን እንቀጥላለን። ቀንድ ላይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በአባቴ ስም ላይ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ የባሩድ ቀንድ ይሠራሉ። ‘ምንድን ነው እሱ?’ ካላችሁ፣ ድሮ ጠመንጃ በአፈሙዙ በኩል በሚጎርስበት ዘመን አሜሪካውያን ባሩዳቸውን የሚይዙበት የበሬ ቀንድ ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ አያስገባም። እ.ኤ.አ. ከ1754 እስከ 1763 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሰሜን አሜሪካ ላይ ሲዋጉ ብዙ ወታደሮች ቀንዳቸው ላይ ስማቸውንና ዓመቱን ይቀርጹ ነበር፤ አንዳንዶቹ የሐድሰንን ወንዝና የምሽጎችን ካርታ ጭምር።

እኔም አማረኝ። ስሙን በአማርኛ ጽፌ ለአባቴ ልላክለት አልኩ።

ቀንዱ መጀመሪያ ይፋቃል፣ እንደ መስታወት እስኪያበራም ይወለወላል። ከዚያ በእርሳስ የተነደፈውን በመርፌ መጫር ነው። ጥቁር ቀለም ጠብ አድርጋችሁ በጨርቅ ስታሹት የተወለወለው ቦታ አይቀበለውም፤ ትርፉን ስትጠርጉት ጭረቱ ውስጥ የገባው ብቻ ይቀራል። ባዶ የመሰለው ቀንድ ድንገት ጽሑፍ ሲያወጣ ደስ ሲል!

የእኔው ግን ስህተቴን ነው ያወጣው። የአባቴ ስም የሚጀምረው በብዙኃኑ ‘ኃ’ ነው፤ እኔ የጻፍኩት በሃሌታው ‘ሃ’። ‘ያው አንድ ድምፅ አይደል?’ ትሉ ይሆናል። አባቴን አታውቁትማ! በልጅነቴ የጻፍኩለትን ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ የመለሰልኝ ሰው ነው።

ደግነቱ ቀንዱ ገና ማቅለሚያ ውስጥ አልገባም። የሽንኩርት ልጣጭ ውሃ ቢጫ ያደርገዋል፣ የዎልነት ልጣጭ ደግሞ ቡናማ። ግን የሚይዘው ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ፣ ከተነከረ በኋላ ብፍቀው ነጣ ያለ ጠባሳ ይቀር ነበር።

ጎረቤቴ ምላጭ ሰጡኝ፤ ፊደሏን ፋቅኳት። ከዚያ ቸኩዬ፣ ሳልወለውል አዲሱን ጭሬ ቀለም ጠብ አደረግኩበት። የፋቅኩት ቦታ በሙሉ ጠቆረ! ለካ ቀለሙ ጥቃቅኑን ጭረት ሁሉ ይዟል። እንደገና መፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ መወልወል። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ‘ኃ’ በመጨረሻ ቦታዋን ስትይዝ ቀንዱን ለብ ባለ ማቅለሚያ ነከርኩት። የፈላ አይሆንም፤ ቀንድ እንደ ጥፍራችን ያለ ነገር ስለሆነ በሙቀት ይለሰልሳል።

በቪዲዮ ደውዬ ሳሳየው አባቴ መጀመሪያ ያየው ፊደሏን ነው። ምንም አላለም። ቆይቶ፣ “ቀለሙ ከምንድን ነው?” አለኝ።

“ከጥላሸት ነው፣ አባዬ።”

ሳቀ። ቄስ ትምህርት ቤት እያለ ለየኔታ ቀለም ጥላሸት ይሰበስብ የነበረው እሱ ነው።

“ታዲያ ምን አዲስ ነገር አመጣህ?” አለኝ።

ቀንዱ አሁን በመንገድ ላይ ነው። ሲደርሰው ጣቱ ‘ኃ’ አጠገብ ጎድጎድ ያለችውን ቦታ ማግኘቱ አይቀርም። ያኔ እናዘዛለሁ።