ፍጥነቱን የሚቀያይር ጄኔሬተር

ጀርመን ውስጥ፣ በቱሪንጊያ ግዛት፣ ጎልዲስታል የሚባል የውኃ ኃይል ጣቢያ በተራራ ሆድ ውስጥ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ሥራ የጀመሩት አራት ማሽኖቹ እያንዳንዳቸው 265 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ኃይል ሲተርፍ ውኃ 300 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይገፋሉ፤ ኃይል ሲያጥር ያንኑ ውኃ ቁልቁል ለቀው ያመነጫሉ። ሁለቱ እንደ ማንኛውም ጄኔሬተር ናቸው፤ የሌሎቹ ሁለቱ ፍጥነት ግን ይለዋወጣል።

መደበኛው ማሽን ግትር ነው። 18 ዋልታ ስላለው፣ 50 ኸርዝ ለመስጠት (የእኛም አገር መስመር ያው 50 ነው) በደቂቃ 333 ዙር ገደማ መሽከርከር ግዴታው ነው። ሲያመነጭ ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ውኃውን መመጠን ይቻላል። ፓምፕ ሲሆን ግን ጣጣው ይመጣል፤ ወይ ሙሉ ኃይሉን ይወስዳል ወይ ይቆማል።

መላው የተገኘው በሚሽከረከረው የማሽኑ ክፍል፣ በሮተሩ ላይ ነው። የመደበኛው ማሽን ሮተር ዲሲ ይመገባል፤ ፍጥነታቸው የሚለዋወጠውን የሁለቱን ሮተር ግን በታይሪስተር የተሠራ ኮንቨርተር ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ኤሲ ይመግበዋል። ሮተሩ በደቂቃ 300 ዙር ሲዞር በራሱ የሚሰጠው 45 ኸርዝ ነው፤ የጎደለውን 5 ኮንቨርተሩ ይሞላለታል። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ወደ ፊት የሚራመድ ሰው ከአውቶቡሱ እንደሚቀድም ማለት ነው። ፍጥነቱ 346 ሲደርስ ሰውየው ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ ይራመዳል። መስመሩ ዘወትር የሚያገኘው 50 ኸርዝ ነው።

የቁጥጥሩ ዘዴ ቬክተር ቁጥጥር ይባላል። የሮተሩ ጅረት በስሌት ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የሚመነጨውን ኃይል፣ ሌላው ቮልቴጁን ያዛል፤ አንዱ ሲነካ ሌላው አይናወጥም። ከሁሉ የማደንቀው ግን የሥራ ክፍፍሉን ነው። ኃይሉን ለኮንቨርተሩ፣ ፍጥነቱን የውኃውን መግቢያ ለሚከፍተውና ለሚያጠበው ገቨርነር መስጠት ይቻላል። ከባድ የውኃ ዓምድ ቶሎ አይታዘዝም፤ መስመሩ ደግሞ አይታገሥም። ስለዚህ ኮንቨርተሩ ከሚሽከረከረው ሮተር ጉልበት ወስዶ በሰከንድ ክፋይ ይደርሳል፤ ውኃው ዘግይቶ ይተካል።

በፓምፕ ሥራ ትርፉ ይበልጥ ይጎላል። ፓምፕ የሚወስደው ኃይል በግምት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ፣ ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ፍጆታው ከሩብ በላይ ይወርዳል። የውኃው ከፍታ ብዙም ለማይለዋወጥ፣ ለማመንጨት ብቻ ለቆመ ጣቢያ ይህ ሁሉ ውድ ጌጥ ነው፤ የተረፈውን ኃይል እየመጠነ መውሰድ ላለበት ፓምፕ ግን ወጪው አይቆጭም።