ፍርዱ ሲኖር ምክንያቱ ሲጠፋ

ስለ ከያንያንና ስለ ሂስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የትችት ክብደት ነው፤ ሰው ክፉ ቃል ሰምቶ እንዴት ይጸናል የሚል። የሀገራችንን የኪነ ጥበብ ታሪክ ላገላበጠ ግን ሌላ ነገር ጎልቶ ይታያል። ከያኒውን ይበልጥ የሚጎዳው ምክንያቱ ያልተነገረ ፍርድ ነው፤ ምክንያት ያለውን ትችትማ ይመክተዋል፣ ይማርበታል፣ ካልጣመውም ይከራከረዋል።

የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ተውኔት እንስሳትን እያናገረ ሹማምንቱን በመንካቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እገዳ ሂስ አይደለም የሚል ይኖራል። ቢሆንም ከመንግሥት የመጣው ምላሽ እሱ ነበር፤ እገዳ ደግሞ የትኛው ትዕይንት እንደሰመረ፣ የትኛው እንደላላ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ ደራሲው ስማቸው የሚነሳው በአመዛኙ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂነትና በመንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን በመወከል ነው። ሀገር ተጠቅማለች፤ የእሳቸው ቲያትር ግን በእንጭጩ ተቀጨ።

ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን አዲስ አበባ ሲያሳይ የገጠመው ከዚህ ይለያል። ረቂቅ ሥዕሎቹ ከውጭ የተቀዱ ናቸው፣ ሀገራዊ ለዛ የላቸውም ተባለ። ትችቱ መራራ ቢሆንም ምክንያቱ በአደባባይ ስለተነገረ መልስ ይቀበል ነበር። እሱም መሳሉንና በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማሩን ሳይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን አገኘ። ገጣሚው ሰሎሞን ዴሬሳም በ1963 ዓ.ም. ባወጣው የግጥም መድብል «ልጅነት» ምጣኔና ቤት ሰበረ ተብሎ፣ ምክንያቱ ተነግሮ ተብጠልጥሏል። የደራሲው ዳኛቸው ወርቁ ነገር ግን ያሳዝናል። በ1962 ዓ.ም. የታተመው «አደፍርስ» ከባድ ነው፣ አይገባም የሚል ስም ወጣለት። ቀጣዩን ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን አሳተመ። ቋንቋ የቀየረው ትችት ሸሽቶ ነው ማለት ድፍረት ይሆናል፤ ሆኖም «አይገባም» ማለት አንባቢው የት ላይ እንደጠፋ ለደራሲው አያመለክትም።

በምክንያት የተጻፈ ሂስስ ሰው አይሰብርም ወይ? ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ራህማኒኖቭ ዘወትር የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የመጀመሪያ ሲምፎኒው ሲቀርብ ሐያሲው ሴዛር ኩዊ በጋዜጣ ከግብፅ መቅሠፍቶች ጋር አመሳሰለው፤ ወጣቱ ለሦስት ዓመት ያህል ድርሰት አልሆንልህ አለው፤ በሐኪሙ በኒኮላይ ዳል እርዳታ አገግሞ በ1901 ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ ሙሉውን አቀረበ። ነገር ግን ኩዊ የጻፈው ፌዝ ነበር። የዚያ ምሽት አንዱ ጉድለት የኦርኬስትራው አመራር እንደነበረ ይነገራል፤ የድርሰቱን ጥፋት ከአቀራረቡ ጥፋት የለየ ሐያሲ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይወድቅም ነበር። እንደ አስፋው ዳምጤና አብደላ ዕዝራ ያሉ የኛ ሐያስያን የሚታወሱትም ሥራውን ራሱን ገልጠው በማንበባቸው ነው። ዛሬ በስልክ የሚለጠፈው አስተያየት ግን ከዚህ ይልቅ ወደ እገዳው ይቀርባል፤ በሁለት ቃል ይፈርድና ያልፋል።

ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ ደጋ፣ ዶርዜዎች በመስቀልና በሌላውም በዓል በኅብረት ሲዘፍኑ ግን ሂስ ከሥራው አይነጠልም። መሪው ያወጣል፣ ሌሎቹ በየራሳቸው ድምፅ ይገቡበታል፣ የቀረው አዝማቹን ይይዛል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ ዣኮብ ቀርጾ ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ አዘፋፈን በብዙው የሀገራችን ሙዚቃ ከተለመደው ነጠላ ዜማ የተለየ ነው። አንዱ ድምፅ ከሳተ ጎረቤቱ ወዲያው ይሰማዋል፤ እርማቱም እዚያው ዘፈኑ ውስጥ አለ። ስህተቱ የት እንዳለ ስለሚታወቅ ያጠፋው ሰው ተሸማቆ አይቀርም፣ በሚቀጥለው ዙር ያስተካክላል።

ያው ዘፈን መድረክ ላይ ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። አርባ ምንጭ ያስተናገደችው የሺህ ከዋክብት ፌስቲቫል የደቡብን ብሔረሰቦች ሙዚቃ አንድ ላይ አምጥቷል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁንና ከከተማዋ ክፍሎች፣ ከሲቀላና ከሴቻ፣ የመጣው ተመልካች ለሁሉም አንድ ዓይነት ጭብጨባ ሲቸር፣ የትኛው ድምፅ እንደጎደለ ለዘፋኙ የሚነግረው ማን ነው? ጭብጨባም ምክንያት የሌለው ፍርድ ነው፤ ስለሚጣፍጥ ብቻ አይታወቅም።

ሲቀላን በመሰለ፣ ሁሉ በሚተዋወቅበት የከተማ ክፍል፣ የዘመድን ልጅ ሥራ መተቸት ቂም ያተርፋል የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት ነው። ዶርዜዎችን የሚያካትተው የጋሞ ሕዝብ ግን ይህን የሚሸከም ሥርዓት አለው። በዱቡሻ፣ በአደባባይ ሸንጎው፣ ሰው በተራው፣ ባለጉዳዩ ፊት፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ይናገራል፤ በ2011 ዓ.ም. መባቻ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጡ ወጣቶችን ያበረዱት ሽማግሌዎች የወጡት ከዚሁ ልማድ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ በዱቡሻ በልማድ የሚናገሩት በአመዛኙ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው፣ በከተማው መድረክ የሚወጡት ደግሞ በአብዛኛው ወጣቶች፣ ሴቶችም ጭምር። ሂስን በዚያ ወግ እንትከል ከተባለ መጀመሪያ የሚያከራክረው ማን ተቀምጦ ይናገራል የሚለው ይሆናል።