የሰሃላ ዓሣ ሰቆጣ ሲወጣ ውርጭ ይገጥመዋል

የጾም ገበያ ሲቃረብ የዓሣ ዋጋ ስለሚነሣ፣ ከሰሃላ ቆላ ጫጩት አስመጥቶ ሰቆጣ ጓሮው ውስጥ ገንዳ ለመቆፈር የሚያስብ ባለገንዘብ አይጠፋም፡፡ ስሌቱን የሚያዛባው ግን ገበያው ሳይሆን ብርዱ ነው፡፡

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ሲሞላ ውኃው ከባሕር ጠለል በላይ 1,140 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል፡፡ ቆሮሶና አምባዛ በዚያ ሙቀት ይደላቸዋል፡፡ ሰቆጣ ግን 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይከብዳል፡፡

ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፡፡ ከ20 በታች ዕድገቱ ይንቀረፈፋል፤ ወደ 16 ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ 10 አካባቢ ከደረሰ ይሞታል፡፡ እንግዲህ በታኅሣሥ መኖ መበተን ብርን ገንዳ ውስጥ መጣል ነው፡፡ ይባስ ብሎ ያልተበላው መኖ ዘቅጦ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጂን ይጨርሳል፡፡

ጥንቁቅ ነጋዴ በጥቅምት ቴርሞሜትር ይገዛል፣ መኖ ይቀንሳል፣ የረገፈ ቅጠል ያወጣል፣ ውኃውን ከአንድ ሜትር በላይ ያጠልቃል፣ ሌሊት ላስቲክ ያለብሳል፡፡ በብርዱ ወራት መረብ ባይጥል ይሻለዋል፤ ቅርፊቱ የተላጠ ዓሣ ሻጋታ ይይዘዋል፡፡ ለጌጥ የሚረባው የጃፓን ኮይ በረዶ ከሸፈነው ኩሬ ሥር ሳይቀር ይከርማል፤ ምን ያደርጋል፣ ለጥብስ ገዢ የለውም!

ከመስከረም በኋላ ጫጩት ገዝቶ ለዓቢይ ጾም አደርሳለሁ ያለ ሰው ጣት የሚያክል ዓሣ ይዞ ገበያ ይወጣል፡፡ በእኛ ግምት ለሰቆጣ ነጋዴ በእነዚህ ወራት የሚያዋጣው የበረዶ ሣጥን ጭኖ ወደ ተከዜ ዳርቻ መውረድ ነው፡፡